ብል የበላቸው ስምንት ብርድ ልብሶች

እኔ እንሺራህ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጄ ኢብቲሃል «እማዬ፣ አፍሽ ይቀድምሻል» ትለኛለች። ውሸቷን ነው! አፌና እኔ እኩል ነው የምንሄደው፤ ወደ ኋላ የሚቀረው ጉልበቴ ነው። የዚያን ሐሙስ ጣጣ ግን አፌ ነው ያመጣው፣ አልክድም።

ቤታችን ውሃ ላይ ነው። ካይሮ፣ ኪትካት ሠፈር ዳርቻ፣ ዓባይ ላይ ከታሰሩት የጀልባ ቤቶች መሃል ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠው የእኛ ነው። ባሌ መርሲ፣ አላህ ይማረውና፣ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የተወልኝ ሦስት ነገር ነው፤ ጀልባዋን፣ ልጃችንንና አንድ ትእዛዝ። ትእዛዙን በወንዙ በኩል ባለው ክፍል በር ላይ በቀይ ቀለም ጽፎታል፦ «ከአራት ሰው በላይ አይግባ»። ቤቱ የቆመው በብረት በርሜሎች ላይ ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት በርሜሎች ደግሞ ከእኔም ያረጁ ናቸው።

በዚያ ክፍል ውስጥ የልጄ የሙሽራ ዕቃ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ለሰው ልጅ የሙሽራ ቀሚስ በሰፋሁ ቁጥር ለራሴ ልጅ አንድ ዕቃ እገዛለሁ፤ አንዴ ድስት፣ አንዴ መጋረጃ፣ አንዴ ሁለት ትራስ። ኢብቲሃል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና ጀመርኩ፣ ሃያ አራት ሞላት። አሥራ አምስት ዓመት መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ የኖረው ለዚያ ክፍል ነው።

እጮኛዋ ራፋት ይባላል፣ ሹብራ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪ ያስተምራል። ደህና ልጅ ነው፣ ትንሽ ይፈዛል። አራት ዓመት ተዋደዱ። ችግሩ እናቱ ነበረች፣ ሐጃ ፊክሪያ። ሸንቃጣ እንዳትመስላችሁ፣ በር የምትሞላ ሴት ናት። ዛሬ እህቴ ናት፤ ያኔ ግን አንቱ እየተባባልን በሩቁ ነበር የምንተያየው። ልጇ የጀልባ ቤት ልጅ ላገባ ነው ሲላት፣ «መሬት የሌላት ልጅ ምን ይዛ ትመጣለች? ዓሣ?» ብላለች። ማን ነገረሽ አትበሉኝ፣ ነገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ ልጄ የሐጃ ፊክሪያን ደጅ ስትረግጥ ማንም ምን ይዘሽ መጣሽ እንዳይላት። ለዚህ መልሱ ደግሞ ያ ክፍል ነበር።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የጡረተኛው ሻለቃ ጀልባ ሥሩ ለቀቀ። ከእኛ ሦስተኛ ነው። ሰውየው ተረፈ፣ ሶፋው ግን ብቻውን ተንሳፍፎ ወደ ታች ሄደ። ሻለቃው በፒጃማ ዳር ዳሩን እየሮጠ፣ ሰው እንደሚጠራ ሶፋውን «ቁም! ቁም!» እያለ ተከተለው። መንደሩ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ስፌቴን ጥዬ ሄጄ በወንዙ በኩል ያሉትን በርሜሎች በመጥረጊያ እጀታ መታ መታ አደረግኳቸው፣ ድምፃቸው አላማረኝም። የራፋት ቤት ገና ግድግዳው አልተለሰነም፣ ዕቃው የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለም።

«ኢንሹራንስ ግቢ» አለኝ ሻለቃው፣ ሶፋው ከሄደ በኋላ ብልህ ሆኖ። «ጀልባውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ዕቃ። ቢሰምጥ ይከፍሉሻል።»

እሺ አልኩ። መድን ድርጅት ሄጄ አመለከትኩ፤ ማክሰኞ ጠዋት ገማቹ መጣ።

ኡስታዝ ማህሩስ ይባላል፤ በእኛ አገር የተማረ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ነው። አርባ ዓመት ይሆነዋል፣ ቀጭን፣ ቦርሳው ከሱ የሚከብድ። ውሃ ይፈራል። ከዳርቻው ወደ ጀልባው በሚያሻግረው ሳንቃ ላይ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያለ ነው የተሻገረው። ገና ትንፋሹ ሳይመለስ የዘላለም ጎረቤቴ፣ የሸውቂ እናት፣ ባዶ ብርጭቆ ይዛ ከተፍ አለች።

«ስኳር አለሽ?» አለችኝ። ዓይኗ ግን ቦርሳው ላይ ነበር።

ስለ ሸውቂ እናት ልንገራችሁ። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ብታመም የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሷ ናት። ዓይኗ ግን አላህ ይሰውረን! ዳክዬዬን «እንዴት ወፍራለች!» አለች፣ በማግሥቱ ዳክዬዋ እግሯን ሰቅላ ተገኘች። የሻለቃውን ሶፋ ተቀምጣበት «ሲመች!» ካለች በሁለተኛው ቀን ነው ሶፋው የተጓዘው። እሷ ራሷ አታውቀውም። ስለዚህ እሷ ባለችበት ማንም ስለ ራሱ ዕቃ ደህና ነገር አይናገርም፤ ኪትካት ያለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ስኳሩን ሰጠኋት። አመሰገነችና ቁጭ አለች።

«እንግዲህ» አለ ኡስታዝ ማህሩስ ወደ ክፍሉ ገብቶ፣ ቅጹን ዘርግቶ። «ዕቃውን አንድ በአንድ ከነይዞታው ይነግሩኛል። እኔ የተነገረኝን እጽፋለሁ። አንዴ በራሴ ግምት ጽፌ የአሥር ቀን ደመወዝ ተቀጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የባለንብረቱን ቃል ነው የማምነው።»

ልብ በሉ፣ ነግሮኛል። ማን ሰምቶት!

«ብርድ ልብስ ስምንት» አለ። «ሱፍ ናቸው?»

የሸውቂ እናት አንገቷን በበሩ አስገባች።

«ሱፍ ነበሩ» አልኩ። «ብል በላቸው።»

ወደ ብርድ ልብሶቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ላስቲካቸው አልተከፈተም እኮ።»

«ብሉ ከውስጥ ነው የመጣው።»

ጻፈ። ኢብቲሃል ከኋላዬ ቀሚሴን ጎተተችኝ፣ በክርኔ ጎሸም አደረግኳት።

«ፍሪጅ አንድ።»

«አያቀዘቅዝም።»

«ካርቶኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«ካርቶን ውስጥ ሆኖ እንዴት ያቀዘቅዛል፣ ጌታዬ?»

እሱንም ጻፈ። ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ መቆም አቃተኝ። የአሥራ ሁለት ሰው ሰሃን፣ የወርቅ ቀለም ጠርዝ ያለው፣ «የተሰነጣጠቀ» ሆነ። የመዳብ ድስቶቹ «የሚያፈሱ»፣ ምንጣፉ «አይጥ የሰነበተበት»፣ መጋረጃው «ፀሐይ የጨረሰው»። ልብስ ማጠቢያውን ጭራሽ «ከሞተ ሰው የተረፈ» አልኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከሱቅ ሲወጣ ደረሰኙን የያዝኩት እኔ ነኝ! የሸውቂ እናት በያንዳንዱ «አይይይ፣ የኔ ምስኪን!» እያለች ከንፈሯን ትመጥጥልኛለች። እኔ ደግሞ እፎይ እያልኩ ነበር፣ ምስኪን ካለች ዓይኗ አይደርስበትም።

መጨረሻ ላይ ቡፌው ጋ ደረሰ። ዋልኑት እንጨት፣ መስታወቱ በአበባ የተቀረጸ። ሰውየው ሰው ነውና አመለጠው። «ይሄስ ሲያምር!»

አፌ እንደ ልማዱ፣ «ይውሰዱት! ከእርስዎ አይበልጥብኝም!» አለ። በእኛ አገር ዕቃህን ያደነቀ ሰው ውሰደው ይባላል፣ እሱም በጤና ይጠቀሙበት ብሎ ይመልሳል፣ በዚያው ያልቃል። ኡስታዝ ማህሩስም «በጤና ይጠቀሙበት» አለ። ከዚያ ግን አጎንብሶ «ባለንብረቷ በነጻ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑበት» ብሎ ጻፈ።

አሁን ትሉኛላችሁ፣ የሸውቂ እናት ስትሄድ ለምን አላረምሽውም? የት ሄደችና! እሱ ሳንቃውን ሲሻገር እጁን ይዛ ያሻገረችው እሷ ናት፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ሸኘችው። እኔም በልቤ፣ የተማረ ሰው ነው፣ ዓይን አለው፣ ያየውን ይጽፋል አልኩ። ኢብቲሃል «እማዬ፣ የተነገረኝን እጽፋለሁ ብሏል እኮ!» ብትለኝ «አንቺ ደግሞ፣ አዋቂ!» ብዬ አፏን አስያዝኳት።

ሊሄድ ሲል ደግሞ፣ «ውሉን ሐሙስ ይዤ እመጣለሁ። ደንቡ ጮክ ብዬ እንዳነብልዎት ነው፣ ከዚያ ይፈርማሉ» ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ! የራፋት ቤተሰብ ቃይማውን ሊፈርም የሚመጣበት ቀን። ቃይማ የሙሽራዋ ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ሙሽራው ይህ ሁሉ የሚስቴ ነው ብሎ ይፈርምበታል። ዋጋው ታዲያ ሁልጊዜ ይጋነናል፣ ባልየው አንድ ቀን ጠብ ሲያምረው ዝርዝሩን አስታውሶ እንዲቀመጥ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያጋንናል፣ ማንም አይናገርም። እኔ ግን ሐጃ ፊክሪያ የልጄ ዕቃ በድርጅት ውል፣ በማኅተም፣ በሱፍ ኮት ለባሽ ሰው ሲነበብ ብትሰማ እንዴት እንደምትሆን አሰብኩና ልቤ ሞቀ። «አሥር ሰዓት ይምጡ» አልኩት፣ «አሥር ሰዓት በትክክል!»

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። ሐጃ ፊክሪያ፣ ራፋት፣ አጎቶች፣ አክስቶች፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሰው። ዳርቻው በኩል ባለው ሰፊ ክፍል አስቀመጥኳቸው፣ እዚያ በርሜሎቹ ደህና ናቸው። የደስታ ቀን መጠጣችንን፣ ቀይ ሸርባት፣ ቀዳሁ። የሸውቂ እናት ሳትጠራ መጥታ ጥጓን ይዛለች። ወንድሜ ሰብሪ ከታንታ ድረስ መጥቶ ቃይማውን በሚያምር ጽሑፉ ጽፎታል። ሰብሪ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነው፣ ሲያነብ ድምፁ የሬዲዮ ነው።

«ስምንት ንጹሕ የሱፍ ብርድ ልብስ» አለ፣ «አራት ሺህ ፓውንድ!»

ሐጃ ፊክሪያ ቅንድቧን ወደ ላይ አደረገች። ለሁለት ሴቶች ልጆቿ እሷም እንደዚሁ አስጽፋለች፣ ምን ትበል? ሰብሪ ቀጠለ፣ እኔ ቀና አልኩ። ሲጨርስ ራፋት ብዕሩን ለመያዝ ተንደረደረ። ልጁ ቢጠይቁት ኖሮ ፒራሚዱንም ጨምሮ ይፈርም ነበር፣ ዓይኑ ኢብቲሃል ላይ ነው።

ብዕሩ ወረቀት ሊነካ ሲል ከውጭ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ተሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ብዬ ብድግ አልኩ። «የመድን ድርጅቱ ሰው መጡ! እንግዶቼ፣ የልጄ ዕቃ በሜዳ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ በድርጅት ውል ነው! ያንብቡት ኡስታዝ፣ ሁሉም ይስማ!»

ሰውየው ተቀምጦ መነጽሩን አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በባለንብረቷ በወይዘሮ እንሺራህ ቃል መሠረት። አንድ፤ ብርድ ልብስ ስምንት፣ ብል የበላቸው፣ ብሉ ከውስጥ የመጣ።»

 ሰብሪ ከቃይማው ላይ ቀና አለ።

«ሁለት፤ ፍሪጅ አንድ፣ የማያቀዘቅዝ። ሦስት፤ ሰሃን ለአሥራ ሁለት ሰው፣ የተሰነጣጠቀ። አራት...»

«ይበቃል ኡስታዝ» አልኩ። «በቃ፣ ገባን።»

«ደንቡ እስከ መጨረሻ ነው፣ እትዬ» አለና ቀጠለ። አይጡን አነበበ፣ ሟቹን አነበበ፣ ቡፌውን በነጻ እንደምሰጥ አነበበ። ሰብሪ ያን የሬዲዮ አፉን ከፍቶ ቀረ። የኢብቲሃልን ፊት ማየት አልቻልኩም፣ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

«ራፋት» አለች ሐጃ ፊክሪያ በቀስታ፣ «ብዕሩን አስቀምጥ።»

«እማዬ...»

«አስቀምጥ አልኩህ! ብል የበላውን ጨርቅ በአራት ሺህ ልታስፈርሙት ነው? እኔ ያልተማርኩ ብሆንም መስማት አያቅተኝም። ወይዘሮ እንሺራህ፣ በድርጅት ውል ነው አላሉኝም? ቃሉስ የእርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው፣ ሐጃ፣ ግን...»

ግን ምን ልበል? የሸውቂ እናት ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሸርባቷን እየጠጣች ተቀምጣለች! የምስኪኗን ልብ በሰው ፊት ልስበር? አልችልም። ዕቃዬ አዲስ ነው፣ ያማረ ነው ልበል? እሷ ፊት? እሱንም አልችልም።  አሥራ አምስት ዓመቴ በአንድ ወረቀት ሲሄድ ይታየኛል፣ ልጄ ጥጉ ላይ እንባዋን ትውጣለች፣ ሐጃ ፊክሪያ ሻርፗን እየሰበሰበች ነው።

«ይግቡና በዓይንዎ ይዩ!» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው ክፍሉ! ይክፈቱ! ይዳስሱ!»

«አያለሁ!» ብላ ተነሣች ሐጃ ፊክሪያ። እሷ ስትነሣ አሥሩም ተነሡ። ሰብሪም ተነሣ፣ የሸውቂ እናትም ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች። ሁሉም በአንድ በር ወደ ወንዙ ክፍል ጎረፉ።

«አራት ሰው!» አለች ኢብቲሃል። «እማዬ፣ ከአራት ሰው በላይ አይግባ!» በሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍ በመዳፏ ትመታለች። ማን ሰምቷት! አሥራ ሦስት ሰው ተጨናንቆ ገባ፣ አሥራ አራተኛዋ እኔ ነኝ። የመርሲ ትእዛዝ ዘጠኝ ዓመት ተከብሮ በእኔ በሚስቱ ፈረሰ።

ሐጃ ፊክሪያ የአንዱን ብርድ ልብስ ላስቲክ በጥርሷ ቀደደችው። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ እኮ...» ብላ ሳትጨርስ ከሥራችን አንድ ነገር ጓ! አለ፣ ወለሉም እንደ ሰካራም ዘመም አለ። ከዚያኛው ክፍል የሸርባት ብርጭቆዎች ተንሸራትተው መጥተው ግድግዳውን መቱ። በሳንቃዎቹ መሃል ዓባይ ብቅ አለ። ቀዝቃዛ ነበር።

«ዕቃዬ!» አልኩ። 

እኔ እዚያው ደርቄ ስቀር ማን እንደተንቀሳቀሰ ታውቃላችሁ? ሐጃ ፊክሪያ! ብርድ ልብሱን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰክታ፣ እንደ ጦር አዛዥ ጮኸች። «ሴቶች ሰሃኑን! ወንዶች ፍሪጁን! አንተ ወፍራም፣ ውጣ፣ ከውጭ ተቀበል! ምን ታያላችሁ፣ የልጆቹ ቤት ሊሰምጥ ነው!»

የልጆቹ ቤት አለች። በዚያ ሁካታ ውስጥ እንኳ ሰማኋት።

ራፋት መፍዘዙን ረስቶ «ክብደቱን ወደ ዳርቻው! አንድ በአንድ ውጡ!» እያለ ያዛል፤ ለካ ያ ሁሉ ጂኦሜትሪ ጥቅም ነበረው። ከክፍሉ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈን ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍን። ኢብቲሃል በአዲስ ቀሚሷ ውሃው ውስጥ ተንበርክካ ሰሃኖቹን ታቀብላለች። ሻለቃው ፓምፕ ይዞ ደረሰልን። ቡፌው ብቻ ቀረ፤ በአንድ ጫፉ ራፋት ይዞታል፣ በሌላው ጫፍ ሰው የለም። ኡስታዝ ማህሩስ በሩ ላይ ገመድ ጨብጦ ቆሟል። ውሃውን አየ፣ ቡፌውን አየ። ቦርሳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ቢስሚላህ!» ብሎ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚያ ሰው ክፉ ቃል አልተናገርኩም።

ሰው ሲወጣና ክብደቱ ሲቀል ጀልባዋ መለስ አለች። አንድ በርሜል ነው የተቀደደው፣ ሻለቃው በማግሥቱ አስቀየረልኝ። አንዲት ሰሃን አልተሰበረችም። ወላሂ፣ አንዲት!

ግን አሁን ሌላ ጉድ መጣ። ያ ሁሉ ዕቃ፣ አሥራ አምስት ዓመት የደበቅኩት፣ በቀን ብርሃን በኪትካት አስፋልት ዳር ተደርድሯል። የሙሽራ ዕቃ በመኪና ተጭኖ በከበሮ የሚሄድበት ቀን ሌላ ነው፤ ያን ቀን ለሰው ዓይን መከላከያ ጨው ይበተናል፣ ሰማያዊ ጨሌ ይንጠለጠላል። አሁን ጨውም የለ፣ ጨሌም የለ። አትክልት ሻጩ መጣ፣ ከመስጊድ የወጡት መጡ፣ አውቶቡሱ ሳይቀር ቆመ። ብርድ ልብሱ ከተቀደደው ላስቲክ ወጥቶ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ከሁሉ ፊት ደግሞ የሸውቂ እናት ቆማለች።

«ውይ!» አለች እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ። «እንሺራህ! እንዴት ያለ ነጭ...»

ብርድ ልብሱን ለመሸፈን ተንደረደርኩ። 

«ነጭ?» አለች አንዲት ሌላ ሴት። ዞር ስል ሐጃ ፊክሪያ ናት፣ ሰባቱ ብርድ ልብሶች ላይ ተቀምጣ ስምንተኛውን እቅፏ ውስጥ ደብቃ። «የቱ ነው ነጩ እቴ? ብል የበላው ነው! ከውጭ አትዪው፣ ብሉ ከውስጥ ነው የመጣው!»

«ፍሪጁስ?» አለ አትክልት ሻጩ።

«አያቀዘቅዝም።»

«ሰሃኑ ግን...»

«ተሰነጣጥቋል፣ ልጄ። ሁሉም ተሰነጣጥቋል። ልብስ ማጠቢያውማ ከሞተ ሰው የተረፈ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ድህነት ነው!» የማህሩስን ዝርዝር አንድ ሳታስቀር በቃሏ ደገመችው። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። የሸውቂ እናት «አይይይ፣ የኔ ምስኪኖች!» አለች፣ አውቶቡሱም ሄደ።

ሐጃ ፊክሪያ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ተጠግቼ አጎነበስኩ።

«አንቺ» አለችኝ በጆሮዬ። አንቱታው ዓባይ ገብቷል። «ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም ነበር? ፊትሽን አይቼ ነው የገባኝ። ይቺ ሴት ቤትሽ ተቀምጣ ብርድ ልብስ ላስመዝግብ ስትይ፣ እኔ ብሆን ተቃጥሏል ነበር የምለው!»

ተያየን። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፣ እየሳቅኩ አጠገቧ ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጥኩ። ራፋት ቃይማውን በፍሪጁ ካርቶን ላይ አስደግፎ ፈረመ። አራት ሺውን ማንም አላነሣም። ሐጃ ፊክሪያ ወንድሟን መኪና እንዲጠራ ላከችው። «ዕቃው ዛሬውኑ ወደ እኔ ቤት ይገባል፣ የልጆቹ ግድግዳ እስኪለሰን ሳሎኔ ውስጥ ይቀመጣል» አለች። እኔን አላስፈቀደችም፣ ማስፈቀድም አልነበረባት።

ኡስታዝ ማህሩስ ሱሪውን እየጨመቀ መጣ። «እትዬ፣ ውሉ ጀልባ ላይ ላለ ዕቃ ነው። አሁን ጀልባው ላይ ምን ቀረ?»

«የስፌት መኪናዬ» አልኩ።

«ይዞታዋ?»

አፌ «ዝገት በዝገት...» ብሎ ሲጀምር ኢብቲሃል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የሸውቂ እናት ወዲህ እያየች ነው። ሐጃ ፊክሪያ ሳትጠየቅ ሻርፗን እንደ መጋረጃ ዘረጋችልን፤ እኔም ከሥሩ ሆኜ እውነቱን በሰውየው ጆሮ ሹክ አልኩት። ደህና ናት፣ ሃያ ዓመት አብልታናለች፣ ክር አትበጥስም፣ በዓለም ላይ እንደሷ የለም አልኩት። ጻፈው። የሕይወቴ የመጀመሪያ እውነተኛ ዝርዝር ነው፣ አንድ መስመር፣ ፈረምኩበት።

ይኼኔ ነው የሸውቂ እናት ልጄን ያየቻት። ኢብቲሃል ፀጉሯ ረጥቦ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ እርጥብ ቀሚሷን ይዛ፣ ከራፋት ጋር በሆነ ነገር ትስቃለች። እናቷ ስለሆንኩ አይደለም፣ ያን ቀን እንደ ጨረቃ ነበረች።

«ዕቃው እንኳ ይሁን» አለች የሸውቂ እናት። «ሙሽሪቷ ግን፣ ውይ፣ እንዴት ያለች...»

«ማን? እሷ?» ሐጃ ፊክሪያ ከብርድ ልብሶቹ ላይ እንደ ኮረዳ ዘልላ ተነሣች። ልጄን ትከሻዋን ይዛ ከኋላዋ ሸሸገቻት። «ኧረ ተይኝ እህቴ! ሻይ ማፍላት አትችልም። አፍንጫዋን አይተሽዋል? ስትተኛ ታንኮራፋለች አሉ፣ እግሯ ጠፍጣፋ ነው። ልጄ ምን አይቶ እንደወሰዳት አላህ ይወቅ!» ይህን ሁሉ ስትል በገዛ የሐር ሻርፗ የኢብቲሃልን ፀጉር ታደርቅላት ነበር፤ ቀስ ብላ፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ እኔ በልጅነቷ እንደማደርግላት።

ልጄን በኪትካት ሕዝብ ፊት እንዲያ ሲያዋርዷት ቆሜ እያየሁ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ደስ ብሎኝ ነው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከእንግዲህ ብሞትም የሰው ዓይን ልጄን አያገኛትም፣ ጠባቂ አላት አልኩ።

ከጎናችን የብዕር ድምፅ ሰማሁ። ኡስታዝ ማህሩስ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አጎንብሷል።

«ሻይ የማታፈላ» ይላል እየጻፈ፣ «እግሯ ጠፍ...»

«አትጻፍ!» አልነው ሁለታችንም እናቶች በአንድ ድምፅ።